ፍቅር ዋጋ ሲያስከፍል፦ ስለ ቻይና የታሪክና የምናብ ድራማዎች

ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ አድማጮች። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቻይና የታሪክና የምናብ የፍቅር ተከታታይ ድራማዎች ነው። እነዚህን ድራማዎች እወዳቸዋለሁ፤ ድክመታቸውን ሳልሸፋፍን ለመናገር የምደፍረውም ስለምወዳቸው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ታሪኮቹን እስከ ፍጻሜያቸው ስለማነሣ፣ ገና ልታዩዋቸው ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን ክፍል ለሌላ ቀን ብታቆዩት ይሻላል።

ዋና ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሲዋደዱ ማየት ብቻውን ሰውን ሰባ ክፍል ሙሉ አያስቀምጥም። ተመልካቹን የሚይዘው በመካከላቸው የቆመው ነገር ነው። በቻይና የታሪክ ድራማ ውስጥ ይህ ነገር ማዕረግ፣ የቤተሰብ ክብር፣ የወላጅ ፈቃድና የንጉሠ ነገሥቱ ቁጣ ነው። ፍቅረኞቹ ጣት ለጣት እንኳ ሳይነካኩ፣ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ አንዲት ቃል ብቻ ተለዋውጠው ሊለያዩ ይችላሉ፤ ያቺ ቃል ግን ማዕረግ ልታስገፍፍ፣ ቤተሰብ ልታስቀጣ፣ ነፍስ ልታስጠፋ ስለምትችል ትከብዳለች። ድራማዎቹ ይህን ክብደት ጠብቀው ሲሄዱ በጣም ድንቅ ናቸው፤ ሲጥሉት ግን የሚቀረው ያማረ ልብስና ያማረ ፊት ነው።

ለዚህ የመጀመሪያው ምስክሬ በ2011 የቀረበው፣ 76 ክፍሎች ያሉት የዠን ኋን ታሪክ ነው። ድራማው የተነሣበት የኢንተርኔት ልቦለድ የሚካሄደው በምናብ በተፈጠረ ሥርወ መንግሥት ውስጥ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ዠንግ ሺያውሎንግ ግን ታሪኩን ከ1722 እስከ 1735 በነገሠው በቺንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት በዮንግዠንግ ዘመን ላይ አኖረው። ይህ ምርጫ ቀላል ቢመስልም የድራማው ጥንካሬ ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ይመስለኛል፤ እውነተኛ ዘመን ከነሕጉና ከነቅጣቱ ነውና የሚመጣው። ዠን ኋን በወጣትነቷ ለዕቁባትነት ተመርጣ ቤተ መንግሥት ትገባለች፣ የንጉሡ ባለሟል ትሆናለች፣ እሷም ከልቧ ትወደዋለች። የተወደደችው የሞተችውን እቴጌ ስለምትመስል መሆኑን ስትደርስበት ገና የወለደቻትን ልጅ ትታ ወደ ገዳም ትወጣለች። በዚያ የንጉሡ ወንድም ልዑል ዩንሊ ይወዳታል፤ በቤተ መንግሥት ያጣችውን ሰላም ከእሱ ጋር ታገኛለች። ነገር ግን ወደ ቤተ መንግሥት ተመልሳ ከፍ ባለ ማዕረግ በተቀመጠች ጊዜ፣ ንጉሡ ያንኑ ልዑል በመርዝ እንድትገድል ያዛታል። ልዑሉ ነገሩን አስቀድሞ አውቆታል፤ ጽዋዎቹን በዘዴ አቀያይሮ መርዙን ራሱ ይጠጣዋል። በዚያ ትዕይንት ውስጥ ጩኸት የለም፤ ሰይፍም አይመዘዝም። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ወይን ይጠጣሉ፤ ያን ትዕይንት ያየ ሰው ግን በቀላሉ አይረሳውም።

ከዚህም ይበልጥ የማደንቀው ድራማው ለጠላት የሰጠውን ቦታ ነው። ኋ የምትባለው ዕቁባት በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ትዕቢተኛ፣ ቀናተኛና ጨካኝ ሆና ትታያለች። ወንድሟ ኒየን ገንግያው ዝነኛ የጦር አዛዥ ነው፤ በእውነተኛው ታሪክም የነበረ ሰው ሲሆን በ1726 ራሱን እንዲያጠፋ በንጉሡ ታዞ ሞቷል። በድራማው ውስጥ ንጉሡ ከዚህ ኃያል ቤተሰብ ልጅ እንዳይወለድ ስለፈራ፣ ለእሷ ብቻ ብሎ በሰጣት ዕጣን ውስጥ ፅንስ የሚከለክል ቅመም አስጨምሮበታል። እሷ ደግሞ ያንን ዕጣን የመወደዷ ማስረጃ አድርጋ ለዓመታት ስታጤሰው ኖራለች። እውነቱን ከዠን ኋን አፍ ስትሰማ ራሷን ከግድግዳ ጋር አጋጭታ ትሞታለች። ጸሐፊዎቹ ክፋቷን አልሰረዙላትም፤ ይቅር በሏት ብለውም አልሰበኩንም። ያሳዩን፣ እሷ ሌሎቹን ሴቶች ስታሳድድ የቆየችው ከሁሉ የባሰ በደል በፈጸመባት ሰው ፍቅር ምክንያት መሆኑን ነው። የአብዛኞቹ የቻይና የፍቅር ድራማዎች ትልቁ ጉድለት እንዲህ ያለ ጠላት አለመፍጠራቸው ነው። ሁለተኛዋ ሴት ዘወትር ዋናውን ወንድ ትመኛለች፣ ትቀናለች፣ መርዝ ታዘጋጃለች፣ በመጨረሻም ታብዳለች ወይም ትሞታለች። ከዚህ ምኞት በቀር ሌላ ሕይወት፣ ሌላ ወዳጅ፣ ሌላ ሐሳብ አይሰጧትም።

ሁለተኛው ምስክሬ የሚንግላን ታሪክ ነው። በ2018 መጨረሻ ጀምሮ በ2019 መጀመሪያ የተጠናቀቀ፣ በሰሜናዊው የሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የሚካሄድ ባለ 73 ክፍል ድራማ ነው። እዚህ ቤተ መንግሥቱ በሩቁ ነው፤ ታሪኩ የሚካሄደው በአንድ የመንግሥት ሹም ግቢ ውስጥ ነው። ሚንግላን ከዕቁባት የተወለደች ስድስተኛ ሴት ልጅ ናት፤ እናቷ በሌላዋ ዕቁባት ሴራ በወሊድ ላይ ሞታባታለች፤ ያሳደገቻት አያቷ ናት። ብልህነቷ ጠላት እንዳያፈራባት አንገቷን ደፍታ፣ ሞኝ መስላ ታድጋለች። ቺ ኸንግ የሚባል የመስፍን ልጅ ይወዳታል፤ ቅን፣ የተማረና መልከ መልካም ወጣት ነው። ፍቅሩ ግን ለእሷ በረከት ሳይሆን አደጋ ነው። ለእሷ የሚያሳየው እያንዳንዱ ደግነት የእህቶቿን ቅናት ይቀሰቅስባታል፤ ላገባት ብሎ ለእናቱ በተናገረ ጊዜ ደግሞ ለመቀጣጫ የቅርብ አሽከሩ ተደብድቦ ይሞታል። ይህን ሳይ የማስበው ስለ ቺ ኸንግ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሆኖም ለሚናገረው ቃል ዋጋ የሚከፍሉት ሁልጊዜ ከእሱ በታች ያሉ ሰዎች ናቸው። አንድ የፍቅር ድራማ ይህን ያህል ስለ ማዕረግ ሲያስተምር በሌላ ቦታ እምብዛም አላየሁም።

በኋላ ሚንግላን ጉ ቲንግየን ታገባለች። ከጋብቻ በኋላ ያለው የድራማው ክፍል ከጋብቻ በፊት ካለው የተሻለ ነው ብል አላጋንንም፤ ይህም ለፍቅር ድራማ እንግዳ ነገር ነው። ቤቱን ታስተዳድራለች፣ ሒሳቡን ታስተካክላለች፣ ለባሏ የሚገባውን ሁሉ በሥርዓቱ ታደርጋለች። እሱ ግን ይከፋል፤ ምክንያቱም ልቧን ደብቃ የሚስትነት ግዴታዋን ብቻ እየተወጣች እንደሆነ ይገባዋል። እሷ በበኩሏ በልጅነቷ ያየችው ሁሉ በባል ፍቅር ላይ የተማመነች ሴት እንዴት እንደምትወድቅ ነው፤ ስለዚህ ልቧን ለማመን ጊዜ ይፈጅባታል። ባል ሚስቱ እንከን የለሽ ስለሆነችበት ሲያዝን ማየት እውነተኛ የትዳር ጥያቄ ነው፤ ጸሐፊዎቹም አልሸሹትም።

ስለ እጅ ሥራው ጥቂት ልበል። በ2018 የቀረበውና ቺየንሎንግ በነገሠበት ዘመን የሚካሄደው የያንሺ ቤተ መንግሥት ታሪክ፣ ጀግናዋ በየክፍሉ ጠላቶቿን ስለምታሸንፍ ለእኔ ከዠን ኋን ያነሰ ነው፤ እንደምታሸንፍ እያወቅሁ መጨነቅ አልችልም። ነገር ግን እቴጌ ፉቻ ራሷ ላይ የምታደርጋቸው ከሐር የተሠሩ አበቦች ድንቅ ናቸው። የታሪክ መዛግብት እውነተኛዋ እቴጌ ዕንቁና የከበሩ ጌጦች ትታ በእጅ በተሠሩ አበቦች ታጌጥ እንደነበር ይናገራሉ። እንዲህ ሲሆን ጌጡ ራሱ ስለ ሰውየዋ ይናገራል። በአንጻሩ በርካሽ የተሠሩት ድራማዎች የተዋናዮቹን ፊት በፊልተር ያለሰልሱታል፤ የቆዳ ቀዳዳ አይታይም፤ ሲያለቅሱ የፊታቸው መስመር አይነቃነቅም። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ጀኔራል ልብሱ በአዲስነቱ እጥፋት እንዳለ ይቀርባል። የአብዛኞቹ ቀረጻ በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር በሚገኘው በኸንግዲየን የፊልም መንደር ስለሚካሄድም፣ ብዙ ያየ ተመልካች ያንኑ አደባባይና ያንኑ ድልድይ በሌላ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ያገኘዋል።

አሁን ሺየንሺያ ወደሚባለው ዘውግ ልምጣ፤ አማልክት፣ አጋንንትና ለሺህ ዓመታት የሚኖሩ ፍጡራን የሚዋደዱበት ነው። ደንቡ ፍቅርን ያከብደዋል ካልኩ፣ የማይሞቱ ሰዎች ፍቅር ምን ያከብደዋል? ይህ የዘውጉ ዋና ፈተና ነው፤ ብዙዎቹም ይወድቁበታል። በ2017 የቀረበውና 58 ክፍሎች ያሉት የሦስት ሕይወትና የኮክ አበባ ታሪክ ትልቅ ተወዳጅነት አግኝቷል፤ እኔም ስለ ውበቱ ምንም የምለው የለኝም። ባይ ቺየን ከ140,000 ዓመት በላይ የኖረች የቀበሮ ነገድ አምላክ ናት። ኃይሏና ትዝታዋ ተወስዶባት ሱሱ የምትባል ተራ ሴት ሳለች የ ኋ የሚባለውን የሰማይ አልጋ ወራሽ ታገባለች። በሰማይ ቤት በሐሰት ትከሰሳለች፤ ነፍሰ ጡር ሳለች ዓይኖቿን የሚያወጣው ባሏ ራሱ ነው፤ ከወለደች በኋላም ራሷን ከገደል ትወረውራለች። ጸሐፊዎቹ የሚሰጡን ምክንያት ከባሰ ቅጣት ሊያድናት ብሎ አደረገው የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ክፍሎች የእሱን ሐዘን፣ የእሱን ትዕግሥት፣ በመጨረሻም የእሱን መሥዋዕትነት ያሳዩናል፤ የተሠዋውም ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ይመለሳል።

እዚህ ላይ አልስማማም። በሰው ላይ የደረሰ እንዲህ ያለ ጉዳት የሌላው ሰው እንባ በመብዛቱ አይከፈልም። ሱሱ ምን እንደተሰማት፣ ያለ ዓይን እንዴት እንደዋለችና እንዳደረች ጥቂት ክፍሎች ብቻ ተሰጧቸው፤ ቀጥሎ የሚያስረሳ መጠጥ ትጠጣለች፣ ነገሩም ይጠፋል። ይህ የትዝታ ማጣት በዘውጉ ውስጥ እጅግ የተለመደ ነው፤ ሴቲቱ መቆጣት በሚገባት ሰዓት ትዝታዋን ያጠፉባታል። ቁጣዋን ለመጻፍ ድፍረት ቢኖራቸው ኖሮ ታሪኩ ምንኛ ትልቅ ይሆን ነበር!

ዘውጉ ግን በራሱ ደካማ ነው አልልም፤ ለዚህም በ2022 የቀረበው ባለ 36 ክፍሉ የአበባዪቱና የአጋንንት ጌታ ታሪክ ማስረጃ ነው። ዶንግፋንግ ቺንግትሳንግ በልጅነቱ አባቱ ስሜቶቹን ሁሉ ያጠፋበት ኃያል ተዋጊ ነው። በአንድ አስማት ምክንያት ከደካማዪቱ የኦርኪድ አበባ መንፈስ ጋር ይተሳሰራል፤ እሷ ስትመታ ሕመሙ ለእሱ ይደርሰዋል፣ እሷ ስታዝን እሱ ሳይወድ ያለቅሳል። መጀመሪያ የሚጠብቃት ራሱን ከሕመም ለማዳን ብቻ ነው። ምድራዊ ሕግ በሌለበት ዓለም ጸሐፊዎቹ የራሳቸውን ጥብቅ ደንብ ፈጠሩ፤ ወንዱም የሴቲቱን ሥቃይ ከውጭ ሆኖ መመልከት አልቻለም፣ በገዛ ሰውነቱ ተቀበለው። ከላይ የነቀፍኩት ድራማ የጎደለው በትክክል ይህ ነው። የመጨረሻዎቹ ክፍሎች እንደተለመደው ዓለምን በማዳን ቢጣደፉም፣ መሐሉ ይህን በደንብ ይሠራዋል።

የርዝመቱ ጉዳይ ከሥነ ጥበብ ይልቅ የንግድ ጉዳይ ነው። ድራማዎቹ ለጣቢያዎች የሚሸጡት በክፍል ብዛት ስለነበር፣ አዘጋጆች ታሪኩን የማራዘም ፍላጎት ነበራቸው፤ ገበያ መዞር፣ ትዝታ መድገም፣ የሦስተኛ ደረጃ ገፀ ባሕርያት ፍቅር፣ ሁሉም ክፍል ለመሙላት ይገባ ነበር። በየካቲት 2020 የአገሪቱ የሬዲዮና የቴሌቪዥን አስተዳደር ድራማዎች ከ40 ክፍል እንዳይበልጡ፣ ቢቻልም በ30 ክፍል ውስጥ እንዲያልቁ መመሪያ አወጣ። ይህ ጠቅሟል፤ ሆኖም ገደቡ በጸናባቸው ዓመታት ብዙዎች 40 ላይ ደርሰው ይቆሙ ስለነበር፣ 25 ክፍል የሚበቃው ታሪክ ይጎተት ነበር፤ 70 የሚገባው እንደ ሚንግላን ያለ የቤተሰብ ታሪክ ደግሞ በዚያ ስፋት ለመሠራት ይቸገር ነበር።

ስለ ድምፅም አንድ ነገር ላክል። በብዙዎቹ የታሪክ ድራማዎች የምንሰማው የተዋናዩን ድምፅ አይደለም፤ በቀረጻው ቦታ ባለው ጫጫታና በተዋናዮቹ የአነጋገር ልዩነት ምክንያት በሌላ ባለሙያ ይተካል። ዠን ኋንን የተጫወተችው ሱን ሊ ናት፤ ድምፁ ግን የጂ ጓንሊን ነው። ከ2016 ጀምሮ በቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ስንሰማ የኖርን ሰዎች ይህ አይገርመንም፤ ድምፁን የሚተካውን ባለሙያ ችሎታም እናውቃለን። ችግሩ ጥቂት ድምፆች በብዙ ድራማ መደጋገማቸው ነው፤ አዲስ ፊት እያየን የለመድነውን ድምፅ እንሰማለን።

አዲስ ለሆናችሁ አድማጮች፣ በሚንግላን እንድትጀምሩ እመክራለሁ። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ስለ ልጅነቷ ስለሆኑ በዝግታ ይሄዳሉ፤ የሰዎቹን ዝምድና በወረቀት ላይ እየጻፋችሁ ብትከታተሉ ይረዳችኋል። ዠን ኋንን ከዚያ በኋላ እዩት፤ የማዕረጎቹን ቅደም ተከተል አስቀድማችሁ ስታውቁ እያንዳንዱ ስግደትና እያንዳንዱ የወንበር አቀማመጥ ትርጉም ይኖረዋል። ምናቡን የምትመርጡ ከሆነ የአበባዪቱን ታሪክ ያዙ፤ ለጀማሪ 36 ክፍል አይበዛም።