የጨመርነው ዋጋ ምን ተሠራበት?

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ አንጋፋ ኦዲተሮች፣ ፈቃዳችሁን በቅርቡ የተቀበላችሁ ወጣቶች፤

እንኳን ወደ ገላን በሰላም መጣችሁ። ከቃሊቲ ጀምሮ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያያችኋቸው ፋብሪካዎችና መጋዘኖች የብዙዎቻችን ደንበኞች ናቸው። ከጉምሩክ፣ ከመሬትና ከመንግሥት ጨረታ ጋር ጉዳይ የሚበዛበት ድርጅት ሲመጣ፣ ጉቦ ይኖር ይሆናል ብለን የአገልግሎት ዋጋችንን ከፍ እናደርጋለን። ሥራው ይበዛል፤ ነገሩ አንድ ቀን ከወጣም ስማችንና ፈቃዳችን አብሮ ይወድቃል። እስከዚህ ድረስ ቅር አይለኝም።

ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ባለው ነው። ከዓመታት በፊት የአንድ አስመጪ ድርጅት መዝገብ ይዤ ነበር። «ጉዳይ ማስፈጸሚያ» የሚል ሂሳብ አገኘሁ። ክፍያዎቹ ሁሉ ድፍን ቁጥር ናቸው። ቀናቸው ዕቃው ከጉምሩክ ከሚለቀቅበት ዋዜማ ላይ ይውላል። ደረሰኝ የለም፤ የክፍያ ማዘዣና የአንድ ሰው ፊርማ ብቻ። የማማከር ውል ነው ተባልኩ፤ ውሉን ሳየው የአማካሪው ስም አለ፣ የሠራው ሥራ ግን የለም። ሥራ አስኪያጁ ቢሯቸው አስጠርተው ቡና ጋበዙኝና፣ «ልጄ፣ ዋጋችሁን ጨምሩ፤ ይህን ሰነድ ግን ተዉት» አሉኝ። ሳይቆጡ፣ በአባት ወግ ነው የተናገሩት። ውሉን አቋረጥን። የተካን ኦዲተር ከእኛ በሚበልጥ ዋጋ ገብቶ፣ እኛ ግማሹን ባልጨረስንበት ጊዜ ውስጥ ነቀፌታ የሌለበት አስተያየት፣ ማለትም ሂሳቡ እንከን የለውም የሚል ምስክርነት፣ ሰጠ።

ያ ትርፍ ገንዘብ የምን ዋጋ ነበር? ጉቦ ሰጪ መሆኑን ከጠረጠርነው ደንበኛ ዋጋ ጨምረን ሥራ ካልጨመርን፣ ከጉቦው ድርሻችንን ወስደናል! ይህን ሌላ ስም አትስጡልኝ!

«ከድርጅቱ ሽያጭ አንጻር የጉቦው መጠን ኢምንት ነው» የምትሉኝ አላችሁ። የጀርመኑ ኩባንያ ሲመንስ ጉቦውን በማማከር ውሎች ጭምር ሲያስተላልፍ ቆይቶ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ለአሜሪካና ለጀርመን ባለሥልጣናት በድምሩ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል ተገደደ። የጉቦ ዕዳ በክፍያው መጠን አይለካም። ዓለም አቀፍ የኦዲት ስታንዳርድ 250ም የሕግ ጥሰት የጠረጠረ ኦዲተር ጉዳዩን እንዲመረምር ያዛል፤ ዋጋ ጨምረህ እለፍ የሚል አንቀጽ የለውም።

ዝቅተኛ ዋጋ ብቻ የሚያዩ ጨረታዎችም ይጎዱናል፤ ሥጋቱን አስልቶ የገባው ይወድቃል፣ ያላሰላው ያሸንፋል። እርሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

ዛሬ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ለጉቦ ሥጋት ብለን በጨመርነው ብር ትይዩ የሥራ ሰዓቱ፣ የባለሙያው ደረጃና የሚመረመረው ሂሳብ በሥራ ፋይላችን ይጻፍ። ይህ ያልተጻፈበት ጭማሪ ከደንበኛ አይጠየቅ። ረቂቁ ጠረጴዛችሁ ላይ ነው፤ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ድምፅ እንስጥበት።

አመሰግናለሁ።