ሃዋይን ከማን ወሰዷት?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ! ያለፈው ቪዲዮ ኮሜንት ላይ አንድ ነገር ተደጋገመ። «አሜሪካኖቹ ሃዋይንም ከስፔን ነው የወሰዷት አይደል?» አይደለም! ዛሬ ይቺን ሳላጠራ አልሄድም።

ፊሊፒንስ፣ ጓም፣ ፖርቶ ሪኮ፤ አዎ፣ እነዚህን አሜሪካ ከስፔን ወሰደቻቸው፤ በ1898። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።) ሃዋይ ግን የስፔን አልነበረችም። የማንም አልነበረችም! የራሷ ንጉሥ፣ የራሷ ፓርላማ ነበራት። እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1843 ነፃ አገር ብለው አውቀዋታል። ሆኖሉሉ ያለው የኢዮላኒ ቤተ መንግሥት ኤሌክትሪክ የገባለት ከዋይት ሀውስ ቀድሞ ነው። ቀድሞ!

ታዲያ እንዴት ሆነ? ሰርቪስ ቤት የሚያከራዩ አንዲት እማማ አስቡ። ተከራዩ ጨዋ ነው። «ጓሮውን ላልማው» አለ፤ ፈቀዱለት። ጎመኑን ሸጠ፣ ብር ያዘ። ከዚያ የግቢውን በር ቁልፍ አንዱን ለራሱ አደረገ። አንድ ቀን ወረቀት ይዞ መጣ። «እማማ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ።» ከኋላው መሣሪያ የያዙ ጎረምሶች ቆመዋል። ፈረሙ። ከዚያ ወዲያ በገዛ ግቢያቸው የሚያዘው እሱ ሆነ። እማማ «ቤቴ እኮ ነው» ያሉ ቀን ደግሞ፣ ጉልበተኛ ዘመዱን ጠራ።

ተከራዩ አሜሪካዊ ነጋዴና ባለእርሻ ነው። ጓሮው የሸንኮራ እርሻ ነው። በ1875 ውል የሃዋይ ስኳር ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ተፈቀደ፤ ባለእርሻዎቹም ከበሩ። ቁልፉ ፐርል ሃርበር ነው፤ የአሜሪካ የጦር መርከቦች እንዲጠቀሙበት የተሰጠው ወደብ። ወረቀቱ ንጉሥ ካላካዋ በ1887 ተገደው የፈረሙት ሕገ መንግሥት ነው። እህታቸው ንግሥት ሊሊኡዎካላኒ በ1893 «ይሄን ሕግ ልቀይረው» አሉ። ነጋዴዎቹ አደሙባቸው። 162 የአሜሪካ ወታደሮች ከመርከብ ወረዱ። በማግስቱ ንግሥቲቱ ደም እንዳይፈስ ብለው፣ ተቃውሟቸውን በጽሑፍ አስፍረው ሥልጣን ለቀቁ።

ቀሪውን ቶሎ ልበለው። ነጋዴዎቹ የራሳቸውን መንግሥት አቋቁመው፣ ሃዋይን ከአሜሪካ ጋር የሚቀላቅል ውል ተዋዋሉ። በአሜሪካ ሴኔት ውል ለማጽደቅ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፤ አልተገኘም። የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ውሳኔ ግን በተራ አብላጫ ያልፋል። የስፔን ጦርነት ሲመጣ ለመርከቦቹ በፓስፊክ ላይ ማረፊያ ተፈለገ፤ በዚያ በኩል አሳለፉት። ፕሬዚዳንት ማኪንሊ ጁላይ 7 ቀን 1898 ፈረሙ። ስፔን የምትገባው እዚህ ጋ ብቻ ነው! (ቀጣዩ ፊሊፒንስ ነው፤ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ።)

«ሕዝቡስ ዝም አለ?» ብላችሁኛል። ኧረ በፍጹም! በ1897 ከ21,000 በላይ ሰው «አንፈልግም» ብሎ ፈረመ። ያኔ የአገሬው ተወላጅ በሙሉ 40,000 ገደማ ነው፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም ተቆጥሮ። አራት ሰዎች ፊርማውን ይዘው እስከ ዋሽንግተን ሄዱ። ያ ውል ሁለት ሦስተኛ ያጣው አንድም በእነሱ ልፋት ነው። ወረቀቶቹ ዛሬም እዚያው በአሜሪካ ብሔራዊ መዛግብት ተቀምጠዋል፤ 556 ገጽ። ሴቶቹ ለብቻ፣ ወንዶቹ ለብቻ። በእጅ የተጻፈ ስም፣ ከጎኑ ዕድሜ። ስም፣ ዕድሜ። ስም፣ ዕድሜ።