ኬሮ፦ በሁለት ወንዝ መሃል ያለችው ከተማ እና መንገዶቿ

[ካርታ፦ ኦሃዮና ሚሲሲፒ የሚገናኙበት ጫፍ። ጽሑፍ በስክሪን፦ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው]

«ካይሮ» ሲባል የእኛ ሰው ሐሳብ ወዲያው ዐባይን ተከትሎ ይወርዳል። ዛሬ የምናያት ግን የአሜሪካዋን ነው፤ በኢሊኖይ ደቡባዊ ጫፍ፣ ኦሃዮ ከሚሲሲፒ ጋር በሚገናኝበት ቀጭን መሬት ላይ የተቀመጠችውን። ስሟ የግብፅ ነው፤ አካባቢውም «ትንሿ ግብፅ» ይባላል። የአገሩ ሰው ግን «ኬሮ» ነው የሚላት። እኛም እንደ ባለአገሮቹ እንጥራት።

[ከመኪና ውስጥ የተቀረጸ፦ የብረት ድልድይ]

ከሚዙሪ ተነስተን በዩኤስ 60 ወደ ምሥራቅ እንንዳ። ሚሲሲፒን በ1929 በተከፈተው ድልድይ እንሻገራለን፤ ኢሊኖይ ገባን። ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ ሳንነዳ ሌላ ድልድይ ይጠብቀናል። ይኸኛው በ1938 የተከፈተው የኦሃዮ ድልድይ ነው፤ ማዶው ኬንታኪ ነው። በጥቂት ደቂቃ ሦስት ግዛት ረገጥን ማለት ነው። ወደ ከተማዋ ለመግባት ግን በሁለቱ ድልድዮች መሃል ዩኤስ 51ን ይዞ ወደ ሰሜን መታጠፍ ያስፈልጋል።

ኬሮን ያሳደጋት መጀመሪያ ወንዙ፣ ቀጥሎ ባቡሩ ነው። የኦሃዮ የባቡር ድልድይ በ1889 ሲያልቅ ቺካጎን ከደቡቡ ጋር ያገናኘው ሐዲድ በዚህ በኩል አለፈ። በ1920 ቆጠራ 15,203 ሰው ነበራት።

[ምስል፦ ከባቡር ሐዲዱ ሥር ያለው መተላለፊያ]

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ዩኤስ 51 ከከተማዋ በስተሰሜን በባቡር ሐዲድ ሥር ያልፋል፤ ከመተላለፊያው በላይ ግዙፍ የብረት በር ተሰቅሏል። ጎርፍ ሲመጣ በሩ ወርዶ መንገዱን ይዘጋል፤ ከተማዋን ከከበበው የጎርፍ መከላከያ ግድብ ጋር ሲገጥም ኬሮ ዙሪያዋን ታጥራ ትቀራለች። እንዲህ ያለ በር ያለው አውራ መንገድ ሌላ ቦታ አላየሁም። በ2011 ግን ይህም አልበቃም፤ ነዋሪው ከተማዋን ለቆ እንዲወጣ ታዘዘ። ግንቦት 2 ቀን የጦሩ መሐንዲሶች ሚዙሪ በኩል ያለውን ግድብ በፈንጂ ከፈቱት፤ ውሃው ከ50 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት፣ አብዛኛውን እርሻ፣ አጥለቀለቀ። ኬሮ ተረፈች፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን የማዶ ገበሬዎች ናቸው።

[ካርታ፦ ሃይዌይ 57]

በ1978 የሃይዌይ 57 ድልድይ ከከተማዋ በላይ ሚሲሲፒን ተሻገረ። ከቺካጎ ወደ ሜምፊስ የሚወርደው መኪና ከዚያ ወዲህ በኬሮ ጎዳና ማለፍ አላስፈለገውም። ብዙ ሰው «ከተማዋን የገደላት ሃይዌዩ ነው» ይላል። እኔ አልስማማም። ቁጥሩን እዩት፦ በ1970፣ ድልድዩ ሳይከፈት፣ የሕዝቧ ቁጥር ወደ 6,300 ገደማ ወርዶ ነበር።

ታዲያ ምን ሆነች? የወንዝና የባቡር ሥራ ቀነሰ፣ እውነት ነው። ከዚያ ግን ዘረኝነቱ አለ። ጥቁሮች አብረው እንዳይዋኙ የመዋኛ ገንዳው ተዘጋ። በ1967 ሐምሌ አንድ ወጣት ጥቁር ወታደር በፖሊስ እስር ሳለ ሞቶ ተገኘ፤ ከተማዋ ታመሰች። በ1969 ጥቁር ነዋሪዎች፣ ጥቁር አንቀጥርም ካሉ ሱቆች ላለመግዛት ተማማሉ፤ አድማው ዓመታት ፈጀ። ብዙ ባለሱቆች ከሚቀጥሩ ይልቅ መዝጋትን መረጡ። ሃይዌዩ ሲመጣ ያለፈው በቆሰለች ከተማ አጠገብ ነው። በ2020 የተቆጠረው ሕዝብ 1,733 ብቻ ነበር።

[ምስል፦ የሁለቱ ወንዞች መገናኛ]

በዚያ መስመር ትራክ የምትነዱ ወገኖቻችን ብዙ ናችሁ። የዕረፍት ቀን በትንሿ መኪና ስታልፉ ከሃይዌይ 57 ኤግዚት 1 ላይ ውጡ። የከተማዋን ጎዳና ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ ባዶ የቆሙትን የጡብ ፎቆች እዩ፤ ሰው ካገኛችሁም ሰላም በሉ። ከዚያ ድልድዮቹ ጋ ሳትሻገሩ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ፎርት ዲፋያንስ ትደርሳላችሁ፤ በመላው ኢሊኖይ ከዚያ ዝቅ ያለ መሬት የለም። ቡናማው ሚሲሲፒና ጠራ ያለው ኦሃዮ ከእግራችሁ ሥር ተገናኝተው፣ ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ሲወርዱ ይታያሉ።