ዳኛው ማነው ከማለታችሁ በፊት፦ ለድሬዳዋና ለሐረር አድማጮች የሕግ ጥያቄዎች መልስ

ባለፈው የቀጥታ ሥርጭት ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። መስመር ላይ ቆይታችሁ ሰዓት ያለቀባችሁ ብዙ ናችሁ። መልስ ያገኛችሁትም በጥድፊያ ነው ያገኛችሁት። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹን እዚህ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። ስም አልጠራም፤ ሰፈራችሁን ብቻ እጠቅሳለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁት ስለ ዳኛው ነው። ስለ ወረቀታችሁ የጠየቃችሁ ጥቂት ናችሁ። እኔ ችሎት ስመላለስ የማየው ደግሞ ሌላ ነው፤ ሰው ዳኛ ፊት ሳይደርስ ገና መዝገብ ቤት መስኮት ላይ ጉዳዩን ያበላሻል።

ከሳቢያን የደወለ ወንድማችን፦ «የፍትሐ ብሔር ክስ ላይ ነኝ። መዝገቡ ለአንድ ዳኛ ተመርቷል። ሰውየው የት እንደተማረ፣ የማን ዘመድ እንደሆነ፣ ጠባዩን ማወቅ እችላለሁ? ሰው ሁሉ ‹መጀመሪያ ዳኛህን እወቅ› ይለኛል።»

ወንድሜ፣ መጠየቅህ ነውር የለበትም። ጉዳይህን የሚያየውን ሰው ስም ማወቅ መብትህ ነው። በሚሰጠው ትዕዛዝ ላይም ስሙ ይሰፍራል። ወደ ወንበሩ እንዴት እንደመጣም ሕጉ በግልጽ ይናገራል። የፌዴራል ዳኛ ሕግ የተማረ መሆን አለበት። ዕጩዎችን የሚመርጠው የፌዴራል ዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው። ከዚያ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል፣ ምክር ቤቱም ይሾማል። ይህ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 81 ነው። ዳኛ ሆኖ የፓርቲ አባል መሆን ደግሞ አይቻልም። በአንቀጽ 79 መሠረት ደግሞ ጡረታ ሳይደርስ እንዲሁ ከሥራው አይነሳም። የዲሲፕሊን ጥፋት፣ ጉልህ የሥራ ችሎታ ማነስ ወይም ሥራውን የሚከለክል ሕመም መኖሩን ጉባኤው ወስኖ፣ ምክር ቤቱም ማጽደቅ አለበት።

ጥበቃው ለዳኛው ምቾት አይደለም፤ ለአንተ ነው። ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳን ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው በምርጫ ቦርድ ሰብሳቢነታቸው ነው። ከዚያ በፊት ግን የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በሙስና ተጠርጥረው የታሰሩት የቀድሞው መከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲለቀቁ ያዘዙት እሳቸው ናቸው። ስዬ ወዲያው እንደገና ተያዙ፤ በዚያው ሰሞንም ለሙስና ተጠርጣሪ ዋስትና የሚከለክል ሕግ ወጣ። ዳኛዋ ግን በጊዜው በነበረው ሕግ ነው የወሰኑት። የት እንደተማሩና የማን ልጅ እንደሆኑ ሲያጠና የሰነበተ ሰው ያንን ትዕዛዝ አስቀድሞ አይገምተውም ነበር።

ስለዚህ ስለ ዳኛው ማወቅ የሚጠቅምህ ከአንተ ወይም ከባላጋራህ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ከአንዳችሁ ጋር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና አለው? ዳኛ ሳይሆን በፊት በዚሁ ጉዳይ ጠበቃ ነበር? ጉዳዩን ቀደም ሲል በሌላ ደረጃ አይቶታል? ከአንዳችሁ ጋር የራሱ ክርክር አለው? እንዲህ ዓይነት ነገር ካለ ዳኛው ራሱ ከመዝገቡ መነሳት አለበት። ካልተነሳ እንዲነሳ በጽሑፍ ታመለክታለህ። ነገሩን እንዳወቅህ ወዲያው ነው የምታመለክተው፤ ፍርዱ እስኪመጣ ጠብቀህ፣ ሲከፋህ አይደለም። «ፊቱ አላማረኝም» ምክንያት አይሆንም። ያለ በቂ ምክንያት የቀረበ ማመልከቻ መቀጮም ሊያመጣ ይችላል።

ደግሞ አደራ፣ በዘመድ በኩል ዳኛውን «ለማናገር» አትሞክር። «አቦ፣ እኔ አውቀዋለሁ፣ ሻይ ጋብዘው» የሚልህ ሰው ገንዘብህንም ጉዳይህንም ይበላብሃል። ከዳኛው ጋር የምትነጋገረው ችሎት ላይ፣ ባላጋራህ እየሰማ ነው። የጽሑፍ ነገር ካለህ በመዝገብ ቤት ይገባል። ዳኛው በሥነ ምግባር በኩል በድሎኛል ብለህ ካመንክ አቤቱታህን ለዳኞች አስተዳደር ጉባኤው ታቀርባለህ።

ከገንደ ቆሬ የደወሉ እናት፦ «ለጎረቤቴ 180 ሺህ ብር አበደርኳት። ልጇን ልትድር ነበር። ወረቀት አልተጻጻፍንም፤ ሁለት ጎረቤቶች ግን ያውቃሉ። አሁን ‹የምን ብር?› አለችኝ። ለጠበቃ የምከፍለው የለኝም። እንዴት ልክሰሳት?»

እናቴ፣ መራራውን ላስቀድም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ቀርቦ በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው ይላል። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ለአስቤዛ አይበቃም፤ ቁጥሩ ግን እንዳለ ነው። በዚህ ምክንያት በእምነት ያበደሩ ስንት እናቶች ባዶ እጃቸውን እንደሚመለሱ ሳይ ያመኛል። ሁለቱ ጎረቤቶችዎ እውነቱን ቢናገሩም ምስክርነታቸው ብቻውን ብድሩን አያስረዳልዎትም።

ግን በሩ ጨርሶ አልተዘጋም። ስልክዎን ያሳዩ። ጎረቤትዎ በቴሌግራም ወይም በኤስኤምኤስ «ያበደርሽኝን እመልሳለሁ» ብላ ጽፋልዎት ከሆነ እንዳያጠፉት። ስልኩንም አይቀይሩ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ይሰጣል፤ ክብደቱን ዳኛው ይመዝናል። በባንክ ልከውላት ከሆነም ማስረጃውን ከባንኩ ያውጡ። ያ ወረቀት ብሩ መሄዱን ያሳያል፤ ብድር መሆኑን ግን ብቻውን አይናገርም። ከሌላው ማስረጃ ጋር አብሮ ሲቀርብ ነው የሚጠቅመው።

አሁን ወደ ክሱ። የገንዘቡ መጠን ከ10 ሚሊዮን ብር ስለማይበልጥ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት የሚያስከፍቱት በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። እዚያ አንድ ዳኛ ያየዋል። ክሱን ፍርድ ቤት በር ላይ ያለ ማመልከቻ ጸሐፊ ሊጽፍልዎት ይችላል። ነገሩን ግን እርስዎ በቅደም ተከተል ይንገሩት፦ መቼ፣ የት፣ ስንት፣ መቼ ልትመልስ ተስማማች፣ መቼ ጠየቅኳት፣ ምን አለች። ስለ ጠባይዋ፣ ስለ ሠርጉ ድግስ፣ ከዚያ በፊት ስለተጣላችሁበት ውሃ ልክ አያስጽፉ። አንድ ገጽ ተኩል የሚበቃው ክስ ስድስት ገጽ ሲሆን ዋናው ነገር ይጠፋል።

ከሁሉ በላይ የክሱን መጨረሻ ይዩ። «ዳኝነት» የሚለው ክፍል ነው። እዚያ «ፍትህ ይሰጠኝ» ተብሎ ተጽፎ ያየሁት ብዙ ጊዜ ነው። ዳኛ ያልተጠየቀውን አይሰጥም። እንዲህ ይባል፦ «ተከሳሽ የተበደረችውን 180,000 ብር፣ ከሕጋዊ ወለድ 9 በመቶ ጋር፣ ወጪና ኪሳራን ጨምሮ እንድትከፍለኝ ይወሰንልኝ።» ወለዱን ካልጠየቁ ወለድ የለም። ወጪውን ካልጠየቁም እንደዚያው።

ከክሱ ጋር የማስረጃ ዝርዝር ይያያዛል። የሰነዶቹ ቅጂ፣ የምስክሮች ሙሉ ስምና አድራሻ፣ ምን እንደሚያስረዱም። ከእጅዎ የሌለ ሰነድ ካለ የት እንዳለ ይጻፉ፣ ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብልዎት ይጠይቁ። «በኋላ አመጣለሁ» የሚሉት ማስረጃ በኋላ ያለ በቂ ምክንያት አይገባም። የክሱ ነገር እውነት ስለመሆኑ የማረጋገጫ ቃልም ከታች አለ፤ ሳያነቡት አይፈርሙ፣ ማንበብ ካልቻሉ ያስነብቡት። ለፍርድ ቤቱና ለተከሳሽ የሚበቃ ቅጂ ይዘው ይሂዱ።

ከዚያ የዳኝነት ክፍያ አለ። እንደ ገንዘቡ መጠን ይሰላል። መክፈል ካልቻሉ አያፍሩ፤ በደሃ ደንብ ልክሰስ ብለው ያመልክቱ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 467 የሚፈቅደው ነው፤ አቅም እንደሌለዎት በቃለ መሐላ አስረድተው፣ ፍርድ ቤቱ አጣርቶ ነው የሚወስነው። ጠበቃም ግዴታ አይደለም። ራስዎ መከራከር ይችላሉ። ልጅዎን በሰነዶች ማረጋገጫ ውክልና ሰጥተው ሊያቆሙም ይችላሉ። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚሰጡትን ነፃ የሕግ ድጋፍም ይጠይቁ፤ ክስ ማስጻፍ ላይ በጣም ይረዳሉ። መዝገቡ ሲከፈት የሚሰጥዎትን ቁጥርና የቀጠሮ ቀን በሁለት ቦታ ይጻፉት።

ከመጋላ የጻፈች እህታችን፦ «ባለቤቴ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሶኝ መጥሪያ ደረሰኝ። እኔ በመደበኛው ፍርድ ቤት ነው መዳኘት የምፈልገው። ዝም ብዬ ብቀርስ?»

እህቴ፣ እንዳትቀሪ! ሁሉም የከተማችን ሴት ይህን ብታውቅ ደስ ይለኛል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ በግልና በቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ መዳኘት የሚቻለው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው ይላል። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992ም ያንኑ ይደግማል። ነገር ግን በዚሁ አዋጅ መሠረት መጥሪያ በአግባቡ ደርሶሽ ካልቀረብሽ እንደተስማማሽ ይቆጠራል። ጉዳዩም በሌለሽበት ይታያል። አንዴ ከተስማማሽ ደግሞ ወደ መደበኛው ላዛውር ማለት አይቻልም። ስለዚህ በቀጠሮሽ ቀን ቅረቢ። ቃዲው ሲጠይቁሽ «በዚህ ፍርድ ቤት ለመዳኘት አልስማማም» በይ፣ ቃልሽ መዝገብ ላይ መስፈሩንም አረጋግጪ። ያኔ ጉዳዩ ሥልጣን ወዳለው መደበኛ ፍርድ ቤት ይተላለፋል። በሸሪዓው መዳኘት ከፈለግሽም ሙሉ መብትሽ ነው። ብቻ በመቅረትሽ ሳይሆን በአፍሽ ይሁን።

ከሐረር የደወለ አድማጭ፦ «እኛ ጋ የፌዴራል ጉዳይ የሚታየው የት ነው? ድሬዳዋ መምጣት አለብኝ?»

የለብህም። ድሬዳዋ በክልል ሥር ስላልሆነች ነው ተራው የብድርና የኪራይ ክርክር ሳይቀር በፌዴራል ፍርድ ቤት የሚታየው። ሐረር ግን የክልሉ ፍርድ ቤቶች አሉ። የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሚያየውን ጉዳይ የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚያየውን ደግሞ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በውክልና ያየዋል። የምትከሰው ሰው የሚኖረው ድሬዳዋ ከሆነ ግን፣ ክስ በመርህ ደረጃ የሚቀርበው ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ስለሆነ ወደዚህ ትመጣለህ።

ከለገሃሬ የደወለ ሹፌር፦ «ጅቡቲ መስመር ላይ መኪና ተበላሽቶብኝ ቀጠሮ አለፈኝ። መዝገቡ ተዘጋ አሉኝ። አለቀልኝ ማለት ነው?»

መጀመሪያ የትዕዛዙን ግልባጭ አውጣና በዚያ ቀን ተከሳሹ ቀርቦ እንደነበር እይ። ሁለታችሁም ካልቀረባችሁና መዝገቡ ተሰርዞ ከሆነ፣ የዳኝነት ክፍያውን ከፍለህ እንደገና መክሰስ ትችላለህ። ተከሳሹ ቀርቦ፣ ክሱን ክዶ፣ አንተ በመቅረትህ ተዘግቶ ከሆነ ግን አዲስ ክስ አይፈቀድም። ያለህ በአንድ ወር ውስጥ የቀረህበትን በቂ ምክንያት አስረድተህ መዝገቡ እንዲከፈት ማመልከት ነው። የጋራዥ ደረሰኝ፣ የጉዞ ሰነድ፣ ከድርጅትህ ደብዳቤ፣ ያለህን ሁሉ አያይዝ። ቀኑ ዛሬም እየቆጠረ ነው፤ ይህን አንብበህ እንደጨረስክ ተነስ።

ከደቻቱ፦ «እናቴ የምትናገረው ሶማልኛ ብቻ ነው። ችሎት ላይ እኔ ላስተርጉምላት?»

የፌዴራል ፍርድ ቤት የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። እናትህ ግን በምትችለው ቋንቋ ትናገራለች፣ ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ይመድባል። የጉዳዩ ባለቤት ልጅ ሆነህ አንተ ብታስተረጉም ባላጋራ ይቃወማል፣ ልክም ነው። ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት አስተርጓሚ እንደምትፈልግ በመዝገብ ቤት አሳውቁ፤ አለዚያ በዚያ ምክንያት ብቻ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣችኋል። በሶማልኛ ወይም በዓረብኛ የተጻፈ ሰነድ ካላችሁም ከትርጉሙ ጋር አቅርቡ።

ከከዚራ የመጨረሻው ጥያቄ፦ «ፍርዱ ከተፈረደብኝ ዳኛውን ሄጄ ላስረዳው እችላለሁ?»

አትችልም። ፍርድ የሰጠ ዳኛ ስላልተስማማህ ብቻ ፍርዱን አይቀይርም። መንገዱ ይግባኝ ነው። ከመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ይግባኝ የሚቀርበው ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ይግባኙ «ተበድያለሁ» ብቻ እንዳይሆን። ዳኛው የትኛውን ማስረጃ ሳይመዝን አለፈ፣ የትኛውን የሕግ አንቀጽ ሳተ፣ ያንን ለይተህ ጻፍ። የፍርዱን ግልባጭ ለማግኘት ቀናት ይወስዳል፣ ስለዚህ ፍርዱ በተነበበበት ዕለት ከችሎት እንደወጣህ ቀጥታ ወደ መዝገብ ቤት ሄደህ ግልባጭ ጠይቅ፣ የጠየቅህበትን ቀንም በማመልከቻህ ቅጂ ላይ አስፈርም።