50,000 ጊዜ የሞተው ሰው

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ሥራው መሞት ስለነበረ ሰው ነው፤ ሴይዞ ፉኩሞቶ ይባላል። «ዘ ላስት ሳሙራይ» የሚለውን የፈረንጆቹ 2003 ፊልም ካያችሁ ፊቱን ታውቁታላችሁ። ቶም ክሩዝን እንደ ጥላ የሚከተለው፣ አፉን እምብዛም የማይከፍተው፣ ክሩዝም ስሙን ቢያጣ «ቦብ» እያለ የሚጠራው ሽማግሌ ሳሙራይ እሱ ነው። ያኔ ዕድሜው 60 ነበር። ከዚያ በፊት 45 ዓመት ሙሉ ጃፓን ውስጥ ሲሞት ነው የኖረው።

በፈረንጆቹ 1943 ሂዮጎ በሚባለው አውራጃ ተወለደ። በ15 ዓመቱ ኪዮቶ፣ ኡዙማሳ ሰፈር ያለው የቶኤይ ስቱዲዮ ገባ። የድሮውን ዘመን የሚያሳዩት የጎራዴ ፊልሞች፣ ጃፓኖች ጂዳይጌኪ የሚሏቸው፣ እንደ ዳቦ በየሳምንቱ ትኩስ ትኩሱ የሚወጣበት ጊዜ ነበር። ኮከቦቹ የየራሳቸው መልበሻ ክፍል አላቸው። ስም የሌላቸው ግን ኦቤያ፣ «ትልቁ ክፍል»፣ ውስጥ ተፋፍገው ነው የሚለብሱት። ፉኩሞቶም ከዚያ ነው የሚነሳው። ሥራው ኪራሬያኩ ይባላል፣ የሚቆረጥ ሰው ሚና። ጀግናው ጎራዴውን ሲመዝ ከግራ ከቀኝ እየጮኹ መጥተው የሚረግፉት እነሱ ናቸው።

50,000 ጊዜ ሞቷል ይባላል። ማን ቁጭ ብሎ እንደቆጠረ እንጃ። ለ50 ዓመት ብታካፍሉት በዓመት 1,000፣ በቀን ወደ 3 ሞት ይመጣል። የተጋነነ ቢመስልም አሠራሩን ላወቀ ያን ያህል አይገርምም። አንዱ ተቆርጦ ይወድቃል፣ ተንከባሎ ከካሜራው ዓይን ይወጣል፣ በካሜራው ጀርባ ዞሮ በወዲያኛው በኩል ጎራዴ ይዞ እንደገና ይገባል። በአንድ ትዕይንት ሁለት ሦስቴ መሞት የተለመደ ነው።

አሁን ወደ ቴክኒኩ እንግባ፣ እኔን የሚስበኝ ይሄ ነው። የሚታገሉበት ጎራዴ ታኬሚትሱ ይባላል፤ ቀርከሃ ተጠርቦ ብርማ ወረቀት ይለጠፍበታል። እውነተኛው ጎራዴ ከ1 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ይሄኛው ግን በጣም ቀላል ነው። ጣጣውም ከዚሁ ይጀምራል፤ ቀላሉን እንደ ከባድ ካልያዙት ካሜራው ያጋልጣል። ቀርከሃ ነው ብሎ መናቅም አይቻልም፣ ጫፉ ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ የሚወድቀው ሰው ሞቶም ቢሆን የጎራዴውን ጫፍ ከጓደኞቹ ያርቃል።

የጀግናው ጎራዴ ሰውነቱን አይነካም፣ ከፊቱ ነው የሚያልፈው። ርቀቱን የሚደብቀው ካሜራው የቆመበት ማዕዘን ነው። ሟቹ መንቀጥቀጥ ያለበት ስለቱ ካለፈ በኋላ ነው፣ ለዚያውም በቅጽበት። ቀድሞ ከተንቀሳቀሰ ሞቱን ሲጠብቅ የቆየ ይመስላል። ከዘገየ ደግሞ ጀግናው የሳተው ይመስላል፤ ይሄ የባሰ ጥፋት ነው፣ ምክንያቱም የሚዋረደው ኮከቡ ነው። በዚህ ላይ የሚወድቅበትን ቦታ አስቀድሞ መምረጥ አለበት። ጀግናው ሌሎች አሥር ሰዎችን በቅደም ተከተል የሚቆርጥበት መንገድ፣ በታቴሺው ማለትም ትግሉን በሚቀምረው ባለሙያ፣ እርምጃ በእርምጃ ተይዟል። አንድ ሬሳ መንገድ ላይ ከተጋደመ ኮከቡ ይደናቀፋል፣ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይቀረጻል።

እንግዲህ ገድሎ ለመፎከር መጀመሪያ ደህና ሟች ያስፈልጋል። የኮከቡ ክንድ ፈርጣማ ይሁን ልፍስፍስ የምናውቀው ከክንዱ አይደለም፣ ከወዳቂው ጀርባ ነው። ደካማ ሰይፈኛ የሆነ ኮከብ በጥሩ ኪራሬያኩዎች ተከቦ አስፈሪ ሲመስል አስተውሉ።

ፉኩሞቶን ከሌሎቹ የለየው ኤቢዞሪ ነው፣ «የሽሪምፕ ልምጠት» እንደማለት። ችግሩን አስቡት። ኪራሬያኩ ጀግናው ፊት ለፊት ስለሚቆም ለካሜራው ጀርባውን ይሰጣል፤ ሲቆረጥ ወደፊት ከተደፋ ፊቱን ማንም ሳያየው ሞተ ማለት ነው። ፉኩሞቶ ግን ሲቆረጥ ወደኋላ ይለመጣል። ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ወገቡ ወደፊት ይገፋል፣ ደረቱ ወደ ሰማይ ይከፈታል፣ አንገቱ ወደኋላ ይወድቃል። ያን ጊዜ ፊቱ ተገልብጦ ካሜራው ውስጥ ድቅን ይላል። እዚያ ላይ ለአፍታ ይንጠለጠላል፣ ከዚያ ይዘረጋል። ሁለት ነገር በአንዴ አገኘ፦ ምቱ ከባድ መሰለ፣ የእሱም ፊት ታየ። ስም የሌለው ሰው ስሙን የሚጽፍበት መላ ነበር ብዬ አስባለሁ።

አደጋው ግልጽ ነው። የሞተ ሰው እጁን አይመረኮዝም። እጁ ወደ መሬት ከሄደ ውሸቱ ወጣ። ስለዚህ በጀርባና በትከሻ ነው የሚታረፈው፣ ማጅራትን እያዳኑ፤ ራሱ ላይ ደግሞ ከሥሩ የብረት ቅርጽ ያለው የሳሙራይ ዊግ አለ። መውደቅን ያጠናው ደግሞ ከሳሙራይ ፊልም ሳይሆን ከቻርሊ ቻፕሊን ነው። ቻፕሊን ሲወድቅ ያስቃል፣ ግን አወዳደቁ ያማል ያሰኛል፤ ፉኩሞቶ ሳቁን ትቶ ሕመሙን ወሰደ።

በ1960ዎቹ የጎራዴ ፊልም ሲቀዘቅዝ ቶኤይ ወደ ያኩዛ፣ ማለትም ወደ ጃፓን ወንበዴዎች፣ ፊልም ዞረ፣ ጎራዴው ደግሞ ወደ ቴሌቪዥን ገባ። «ሚቶ ኮሞን» በ1969፣ «አባሬንቦ ሾጉን» በ1978 ጀመሩ። ሁለተኛው ላይ የምወዳት ነገር አለች፤ ሾጉኑ፣ ማለትም የድሮዋ ጃፓን ወታደራዊ ገዢ፣ ከመታገሉ በፊት ጎራዴውን ይገለብጠዋል፣ በስለቱ ሳይሆን በጀርባው ነው የሚመታው። ይህ ለወዳቂው ሌላ ሒሳብ ነው። የተቆረጠ ሰው ይከፈታል፣ በብረት ጀርባ የተመታ ግን እንደ ዱላ ምት ይታጠፋል። በተከታታይ ድራማው ውስጥ ይህን የሚለዩትንና የማይለዩትን ወዳቂዎች ማየት ይቻላል።

«ሚቶ ኮሞን» በ2011 መጨረሻ ላይ ሲቆም የየሳምንቱ ሞትም ቆመ። ኦቤያ ውስጥ ለሚለብስ ሰው ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ከዚያ በ2014 «ኡዙማሳ ላይምላይት» መጣ፣ ስሙም ሐሳቡም ከቻፕሊን ፊልም የተወሰደ። ፉኩሞቶ ከ50 ዓመት በላይ ሠርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋና ተዋናይ ሆነ፤ የሚጫወተውም ሥራ ያለቀበት አሮጌ ኪራሬያኩ ነው። በዚያው ዓመት ሞንትሪያል፣ ፋንታዚያ ፌስቲቫል ላይ በ71 ዓመቱ ምርጥ ተዋናይ ተባለ። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 2021፣ በእነሱ አዲስ ዓመት ዕለት፣ በሳንባ ካንሰር አረፈ። 77 ዓመቱ ነበር።

ፊልሙን ካገኛችሁት መጨረሻ ላይ ያለውን ትግል ሁለት ጊዜ እዩት። መጀመሪያ ዝም ብላችሁ። ሁለተኛው ላይ ድምፁን አጥፉና የገዳዩን ጎራዴ ተዉት፤ የሽማግሌውን ወገብ ብቻ ተከተሉ፣ ከመለመጡ በፊት ተረከዙ ከመሬት የሚለቅባትን ቅጽበት ፈልጉ።