የሌለው እግር ለምን ያሳክካል? አንጎል ውስጥ ስላለው የሰውነት ካርታ
(አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለተሰበሰቡ ታዳሚዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ በክራንችም በዊልቸርም አራት ኪሎ ድረስ የመጣችሁ ሁሉ፣ እንደምን ዋላችሁ?

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። እግራቸውን ካጡ ሰዎች ደጋግሜ የምሰማው ነገር አለ፦ «የሌለው እግሬ ያሳክከኛል፤ ያቃጥለኛል፤ ጣቶቼ ተጣመው አልፈታ ይሉኛል።» ብዙዎቹ ይህን ለቤተሰብ አይናገሩም፤ አእምሮው ተነካ እንዳይባሉ ይሰጋሉ። ከዚህ አብልጠው የሚደብቁት ደግሞ ከትዳር አጋራቸው ጋር ሲሆኑ የሚሰማቸውን፣ ወይም መሰማት ያቆመውን ነው። ዛሬ ስለ ሁለቱም እናገራለሁ።

ከአናታችን ወደ ጆሯችን በሚወርድ ጠባብ የአንጎል ሽፋን ላይ የመላ ሰውነታችን ካርታ አለ። ዊልደር ፔንፊልድ የተባለ የሞንትሪያል ቀዶ ሐኪም የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ታካሚዎች ሳያስተኛ ነበር የሚያክመው፤ አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውምና። በደካማ ኤሌክትሪክ አንዲት ነጥብ ሲነካ ታካሚው አውራ ጣቱ ላይ ይሰማዋል፤ ወደ ጆሮ ዝቅ ሲል ደግሞ ከንፈሩ ላይ። እ.ኤ.አ. በ1937 ከኤድዊን ቦልድሬይ ጋር ውጤቱን አሳተመ። በካርታው ላይ የቦታው ስፋት ከአካሉ ትልቅነት ጋር አይሄድም። የጣት ጫፍ፣ ከንፈርና ምላስ ሰፊውን ሲይዙ መላው ጀርባ ጥቂት ይደርሰዋል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሰው በሁለት የእስክሪብቶ ጫፎች ይንካችሁ። ጣታችሁ ላይ በጥቂት ሚሊሜትር ቢራራቁም ሁለት መሆናቸውን ትለያላችሁ፤ ጀርባችሁ ላይ ግን አንድ ይመስሏችኋል።

እግር ሲቆረጥ በአንጎል ውስጥ ያለው ስፍራው አብሮ አይቆረጥም። ስለዚህ ያ ማሳከክ ቅዠትም እርግማንም አይደለም። ሕመሙ እውነተኛ ሕመም ነው።

አሁን ወደሚያፍሩበት ልምጣ። ፔንፊልድ የወንድን ብልት በካርታው ላይ ከእግር ጣቶች አጠገብ አስቀመጠው። የአንጎል ተመራማሪው ቪ. ኤስ. ራማቻንድራን ደግሞ እግራቸውን ያጡ ሰዎች በግብረ ሥጋ ግንኙነት ጊዜ ስሜቱ በሌለው እግራቸው ላይም እንደሚመጣ እንደነገሩት ጽፏል፤ ምክንያቱን በዚህ ጉርብትና ነበር ያስረዳው። ኋላ በአንጎል ምስል የተሠሩ ጥናቶች ቦታውን ወደ ሆድና ጭን አቅርበውታል፤ ክርክሩም አልተዘጋም። ሰዎቹ የተሰማቸውን ግን ክርክሩ አይሽረውም።

የሴቶቹ ነገር ይበልጥ ያሳዝነኛል። በዚያ ዝነኛ ካርታ ላይ የሴት ብልትም ማሕፀንም ቦታ አልተሰጣቸውም። የአሜሪካ ተመራማሪዎች የሴትን ብልት ክፍሎች አንድ በአንድ ለይተው በአንጎል ምስል ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የጡት ጫፍ ሲነካም ያው የብልት ስፍራ እንደሚነቃ ያን ጊዜ ታየ። ከ70 ዓመት በላይ ባዶ የቆየው ሴቶቹ ስሜት ስለሌላቸው አልነበረም፤ የጠየቃቸው ስላልነበረ ነው። እኛስ እዚህ በየክሊኒካችን እንጠይቃለን?

ፍላጎት ከካርታው በላይ ነው። በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲሜትር በሚሆን ፍጥነት ቆዳን በቀስታ ሲዳብሱት የሚነቁ ቀጫጭን ነርቮች አሉ፤ መልእክታቸውን የሚያደርሱት ስሜትና ደስታ ወደሚመዘኑበት የአንጎል ክፍል ነው። በታክሲ ግፊያ ውስጥ የማናውቀው ሰው እጅ ሲያርፍብን እንሸማቀቃለን፤ የምንወደው ሰው እጅ እዚያው ቦታ ሲያርፍ ሰውነታችን ይፈታል። አንጎል መነካቱን ብቻ ሳይሆን የነካንንም ይመዝናል።

ስለዚህ ሕብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ ከወገቡ በታች የማይሰማው ሰው ፍቅር አበቃለት ማለት አይደለም። ብዙዎች ከጉዳቱ በላይ ያለው አካላቸው፣ አንገታቸው፣ ጆሯቸው፣ ደረታቸው፣ ከድሮው ይልቅ ስሜት እንደሚሰጣቸው ይናገራሉ። ይህን የሚያገኙት ግን ባልና ሚስት ሳይተፋፈሩ ሲነጋገሩ ነው። ባለሙያዎች ሆይ፣ ሕመምተኛው እስኪጀምር አትጠብቁ። ስለ ቁስሉ በጠየቃችሁበት ድምፅ ስለ ትዳሩም ጠይቁ።

አሁን መስታወቱን እናያለን። በሁለቱ እግሮች መካከል በቁመቱ ይቆምና የደህናው እግር ምስል በሌለው ቦታ ይታያል፤ ጤነኛው ሲንቀሳቀስ አንጎል ሁለቱም ሲንቀሳቀሱ ያያል። ሁሉንም አይረዳም፤ ሕመሙን የሚያቀልላቸው ግን አሉ። መሞከር የምትፈልጉ ወደፊት ቅረቡ። ለብቻችሁ ልትጠይቁኝ የምትሹ፣ አዳራሹ ጭር እስኪል እቆያለሁ። የትዳር አጋራችሁንም ይዛችሁ ኑ።