ካርቶኑ የወደቀ ቀን

ሰላም ናችሁ አቦ! ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። መስኮቱን መዝጋት በዚህ ሙቀት አይታሰብም፣ ስለዚህ የባጃጅ ድምፅ ከገባ ታገሱኝ።

የማወራችሁ ነገር ሦስት ዓመት ሆዴ ውስጥ ቆይቷል። እዚሁ ድሬ አንድ የጅምላ መጋዘን ውስጥ ስቶር ኪፐር ነበርኩ። ድርጅቱን አልጠራም። አንድ ቀን ከምሳ እረፍት ተመልሰን፣ ያው ድሬ ቀትር ላይ ተዘግታ ወደ አመሻሹ ነው ነፍስ የምትዘራው፣ ዕቃ የምትለይ አንዲት ልጅ ካርቶን ከእጇ አመለጣት። ብርጭቆ ነው። 24 ፍሬ።

አለቃችን መጣ። ሰደባት። እሷን ብቻ ቢሆን ጥሩ፣ እናቷንም ጨመረ። ከዛ ስብርባሪውን በእጇ እንድትለቅም አዘዛትና ከላይዋ ቆመ። መጥረጊያው እኮ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ይታያል! ጠቋሚ ጣቷ ደማ። በሻርፗ ጫፍ ጠቅለል አደረገችውና መልቀሟን ቀጠለች። «ከደሞዝሽ ይቆረጣል» ብሎ ሄደ።

ሰባት ነበርን። ማንም ምንም አላለም። እኔ ቢን ካርዱ ላይ፣ ያው የዕቃ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ ላይ፣ እጽፍ ነበር፣ ቀና ሳልል።

ከዛ ቀን በኋላ እኔን ማንም አልሰደበኝም። ግን ከሩቅ የቁልፍ ድምፅ ስሰማ ሆዴ ይላወሳል፣ አለቃችን ቁልፍ እያንኳኳ ነበር የሚሄደው። ቤት ስገባ ታናሽ ወንድሜ ላይ እጮኻለሁ። እሁድ ማታ እንቅልፍ የለም። ሥራውም ላይ አንድ ነገር ተበላሸ፤ ድሮ ጀሪካን ካፈሰሰ ወይ ቆጠራ ከተሳሳተ ወዲያው እንነጋገር ነበር፣ አሁን ግን ሁሉም ያየውን አላየሁም ይላል። ከታች ያለው ካርቶን በዘይት ርሶ እስኪበሰብስ ድረስ ያወቀ ሰው ዝም አለ። እኔም አንዱ ነኝ።

ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ግን ሌላ ነው። ልጅቷን መውቀስ ጀመርኩ። «እሷስ ምን አለ ጠንቀቅ ብትል» እል ነበር ለራሴ። አሁን ሳስበው እንደዛ ካላልኩ ነገ የኔ ተራ ነው ማለት ነው፤ ጥፋቱ የሷ ከሆነ ግን እኔ ተጠንቅቄ እተርፋለሁ። በሷ ላይ ፈርጄ ነው እንቅልፍ የፈለግኩት።

ሰባታችንም ለምን ዝም አልን? እ.ኤ.አ. በ1968 ዳርሊ እና ላታኔ የሚባሉ ሁለት የአሜሪካ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አሳትመው ነበር። አንድ ሰው በድምፅ ማጉያ ሲያወራ ድንገት የሚጥል በሽታ የያዘው ይመስላል። ብቻዬን ነኝ የምሰማው ብሎ ያሰበ ሰው 85 በመቶ ያህሉ ለእርዳታ ተነሳ። ሌሎች አራት ሰዎችም እየሰሙ ነው ብሎ ያሰበው ግን 31 በመቶ ብቻ። እኛ ሰባት ነበርን፣ አንዱ ይናገራል ብለን ሰባታችንም ጠበቅን።

ግን ይሄ ብቻ አይመስለኝም። ድሬ ላይ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ቢጣላ አስር ገላጋይ ይመጣል፣ ሰው በዛ ብሎ የሚቆም የለም። ያው ገላጋይ መጋዘን ሲገባ አንገቱን የሚደፋው ደሞዙ ይዞት ነው። የቤት ኪራይ አለ። እናት አለች።

ሕጉንም ያየሁት ዘግይቼ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ ደሞዝ እንዳይቆርጥ ይከለክላል፤ ሲቆረጥም ከወር ደሞዙ ሲሶ አይበልጥም። አንቀጽ 32 ደግሞ አሠሪው ሰብዓዊ ክብሯን የሚነካ ነገር ከፈጸመባት ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ እንደምትችል ይላል። ያን ቀን ከሰባታችን አንዱ ይህን ቢያውቅና ማታ ጠጋ ብሎ ቢነግራት! አለቃውን መጋፈጥ እንኳን ባይችል። ዝም ብሎ ቁስሏን ማሰሪያ ቢያቀብላትስ?

ባለፈው ሳምንት ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ሥር፣ አገኘኋት። ሌላ ቦታ ነው የምትሠራው። ሻይ ጠጣን። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ያን ቀን ምን ነበር የምትጽፈው?» አለችኝ።

እውነቱን ነገርኳት። 24 ብዬ ጻፍኩ። ከዛ እላዩ ላይ ደግሜ 24። ቀና ላለማለት ብቻ ቁጥሩን እስኪጠቁር ደጋገምኩት።

ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«እኔ እኮ ዕዳዬን የምትመዘግብብኝ መስሎኝ ነበር» አለችኝ።

ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዛ ነው ያሰበችው።